ለዝግታ የተሠራ ሞተር

የኦርኔላ የስኩተር ጋራዥ ያለው ከሳቮና ከተማ ዳገት ሥር ነው። ወደ እሷ የሚመጣ ሁሉ ፍጥነት ይጠይቃል። ስሙን ያልነገራት አንድ ሽማግሌ ግን ስኩተሩን በሩ ላይ አቁሞ፣ ከወይራ ዘይት ቆርቆሮ ቀጥቅጦ የሠራውን የሞተር ሽፋን ታቅፎ ገባ። የወይራው ቅርንጫፍ ሥዕል ከነፍሬው አሁንም ቆርቆሮው ላይ ይታያል። ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፏል፤ ጥፍሮቹ በግሪስ ጠቁረዋል።

«የማራገቢያውን ክንፎች ረዘም አድርጊልኝ» አላት። «ነፋሱ ሲሊንደሩን ሳያቀዘቅዝ እንዳያመልጥ ደግሞ ይሄ ሽፋን ጥብቅ ብሎ ይግጠም።»

«አባባ፣ ለውድድር ነው እንዴ?»

«አዎ። ተወዳዳሪዬ ግን በእግሯ ነው የምትሄደው። ያውም ድሮ ትቀድመኝ ነበር።»

ኦርኔላ ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

«በእሷ እርምጃ ስወጣ ሞተሩ ይግልና ዳገቱ መሃል ቀጥ ይላል። ያኔ ወደ ቤት ትመለሳለች። እንደገና ከቤት ለማስወጣት ስንት ልመና እንዳለው ብታይ፣ ልጄ!»

ሥራው አልቆ ሞተሩ ሲነሳ፣ የልጅ ትኩሳት እንደሚለካ ሰው መዳፉን ነፋሱ በሚወጣበት በኩል ዘረጋ። ከዚያ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

በማግስቱ ኦርኔላ በሩ ላይ ቆማ አየቻቸው። ስኩተሩ በሰው እርምጃ ዳገቱን ይወጣል። አንዲት አሮጊት ባዶውን የኋላ ወንበር በአንድ እጇ ይዛ አጠገቡ ትራመዳለች። ለምን እንደማትቀመጥበት ኦርኔላ አላወቀችም። ዳገቱ መሃል ሲደርሱ ኦርኔላ ትንፋሿን ያዘች።

ሞተሩ አልቆመም። አሮጊቷ እጇን ከወንበሩ አነሳችና ቀደመችው።