የኅዳር ሚካኤል ቡና

ሸኮ አጠገብ ባለ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ ሥራ አስኪያጁ ጋሽ ተፈራ ስለ መፈልፈያ ማሽን አንድም ነገር አልጠየቁኝም። የየትኛው ደብር ልጅ እንደሆንኩ ብቻ ጠየቁኝ። ሚካኤል ስላቸው ፊታቸው በራ፤ እዚያው ማሽኑ ላይ መደቡኝ።

ጋሽ ተፈራ ክፉ ሰው አልነበሩም። የሚያምኑት ግን የሚያውቁትን ሰው ብቻ ነበር። መዛኙም፣ ማድረቂያ አልጋ ላይ ቡና የሚለቅሙት ሴቶችም ሁሉም የእሳቸው የጽዋ ማኅበር አባላት ነበሩ። ሥራ ላይ ብንጣላ በወሩ ጽዋ ላይ እንታረቃለን። ደስ ይል ነበር፣ አልዋሽም።

ጉድ የፈላው በኅዳር ሚካኤል ነው። ኅዳር ቡናው የሚቀላበት ወር ነው፤ የተለቀመ እሸት ደግሞ የዚያኑ ዕለት ካልተፈለፈለ ይበላሻል። የአካባቢው አርሶ አደር አብዛኛው ፕሮቴስታንት ስለሆነ በሚካኤል ለቀማ አያቋርጥም። እኛ ነጠላችንን አጣፍተን ማኅበር ላይ ስንበላ ስንጠጣ፣ እነሱ ጆንያቸውን ይዘው በር ላይ ዋሉ። ዘበኛው ማሽን ማስነሳት ስለማይችል ቡናውን ተቀብሎ ግቢ ውስጥ ከመረው።

በማግስቱ ግቢው ጠላ ጠላ ሸተተ። ማርታ የምትባል፣ ጥሩ ቡና በማምጣት የምትታወቅ የሸኮ ሴት ጆንያዋን ፈትታ አሸተተችና ወደ ጋሽ ተፈራ ዞረች።

"በዓላችሁን አክብሩ፣ ማን ከለከላችሁ? ቡናው ግን በዓል አያውቅም። ከእንግዲህ ወደ ቴፒ ነው የምወስደው።"

ሌሎቹም ተከተሏት። እሸት ካልመጣ ጣቢያው ይዘጋል፤ ጣቢያው ከተዘጋ እኔም እንጀራዬ ቀረ። በጣም ፈራሁ። ሄጄ፣ "ጋሽዬ፣ በሚካኤል የማያርፍ ሰውም እንቅጠር" አልኳቸው። እንዴት ከእኛ ጋር ይግባባሉ ብለው ብዙ አንገራገሩ፤ በመጨረሻ ግን እሺ አሉ።

ከቴፒ ሰይድ የሚባል ሙስሊም መካኒክ መጣ። ከጎረቤታችን ሸዋ ቤንች ከተማ አንድ ፕሮቴስታንት መዛኝና ቅዳሜ አርፋ እሁድ የምትሠራ አድቬንቲስት ተቀጠሩ። መጀመሪያ ሁሉም ጀርባውን አዙሮ ነበር ምሳውን የሚከፍተው። የነቢያት ጾም እየገፋ ሲሄድ ግን ሽሮው አቀራረበን፤ ሽሮ ማንንም አያስቀይምም። አዲሱ መዛኝ ከቤንች አርሶ አደሮች ጋር በቋንቋቸው ሲያወራ፣ ድሮ ዝም ብለው አስመዝነው የሚሄዱት ሰዎች ቆመው መጫወት ጀመሩ።

ዓመቱ ዞሮ ሚካኤል ደረሰ። ጋሽ ተፈራ ማኅበሩ ላይ እህል አልወርድ አላቸው። ማርታ እስኪ ልያችሁ ብላ አንድ ጆንያ ልካለች ሲባል ጭራሽ መቀመጥ አቃታቸው። ዳቦ በነጠላ ጠቅልለው ተነሡ፤ እኔም ተከተልኳቸው።

የማሽኑ ድምፅ ገና ከመንገድ ተሰማን። ሰይድ እስከ ክርኑ ዘይት በዘይት ሆኗል። የተፈለፈለው ቡና ገንዳ ውስጥ ገብቷል፤ ማርታም ራሷ መጥታ ገንዳው አጠገብ ቆማለች። ጋሽ ተፈራ ደስታቸውን መደበቅ አቅቷቸው ዳቦውን ቆርሰው አቀረቡላት።

ማርታ የሚካኤል ዳቦ እንደማትበላ በትሕትና ነገረቻቸው። ሰይድም እጄ ቆሽሿል ብሎ በዘዴ አለፈ። ጋሽ ተፈራ ቁራሹን እንደያዙ ቀሩ።

ማርታ ሳቋ መጣ። "ዳቦውን ይብሉት፣ ጋሼ" አለቻቸው። "ነገ የቀረውን ቡና አመጣለሁ።"

ሠራተኛ ለምትቀጥሩ የምለው ይህን ነው፤ ሁሉም በአንድ ቀን የሚያርፍ ሰው አትሰብስቡ።