ሠልስት በወጣ ማግስት የታጨደ ሣር

የይስማው ሠልስት በወጣ ማግስት፣ ከሩቅ ቀበሌ ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ ሰዎች ዳገቱን ወርደው ሳይጨርሱ የሞተር ድምፅ ሰሙ። መጀመሪያ ወፍጮ መሰላቸው። ቀረብ ሲሉ ግን ከቤቱ በታች ባለው ጥብቅ ሣር ውስጥ ጥቁር የለበሰች ሴት ከአንዲት ማሽን ኋላ ሁለት እጀታ ይዛ ስታጭድ አዩ። ከመካከላቸው አንዷ ሙሾ ልታወርድ አፏን ከፍታ ነበር፤ እንደከፈተችው ቀረ።

«እሷ ናት እንዴ?» አለች።

«ማን?»

«ዘነበች። የሟች ሚስት።»

እሷው ነበረች። እንግዶቹን ስታይ ሞተሩን ወዲያው አላጠፋችም። የጀመረችውን መስመር እስከ ድንበሩ ጨረሰች፤ እዚያ ስትደርስ አጠፋች፣ እጇን በሣር ጠረገችና መጥታ ሳመቻቸው። ሲያለቅሱ አብራቸው ቆመች። ሲበቃቸው «ግቡ፣ ጠላ አለ» አለቻቸውና ወደ ሣሩ ተመለሰች።

ከአርብ ገበያ ብዙም በማይርቀው በዚያ ቀበሌ ባል የሞተባት ሴት እንዲህ አታደርግም። ሣሩን ጎረቤት ያጭድላታል፤ የሚያጭድላት ከጠፋም ሣሩ ይቀራል እንጂ እሷ ከለቅሶ ቤት አትወጣም። ወሬው በዚያው ሳምንት ገበያ ደረሰ። «ልቧ ድንጋይ ነው» ያሉ ነበሩ። «ድሮም አትወደውም ነበር» ያሉም አልጠፉ።

ትወደው ነበር። ዘነበችና ይስማው ትልቅ ፍቅር አላቸው ተብሎ የሚወራላቸው ባልና ሚስት ግን አልነበሩም። አብረው የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ። ከሥራቸው ሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ያችን ማሽን ከሞት ማትረፍ ነበር።

ማሽኗ የመጣችው ከዓመታት በፊት፣ ጎረምሶች ከብት እያደለቡ እንዲሸጡ ማኅበር በተቋቋመ ጊዜ ነው። ማኅበሩ ብዙም ሳይቆይ ፈረሰ። ማጨጃዋ ዋርካ ሥር ቆማ ዶሮ እንቁላል ይጥልባት ጀመር። ንብረቱን ሲካፈሉ ሌላው አባል በሬውን፣ ቆርቆሮውን ሲወስድ ይስማው እሷን መረጠ። «ሰው በሬ ሲደርሰው ይስማው ፌንጣ ደረሰችው» ብለው ሳቁበት። ስሟ በዚያው ፌንጣ ሆኖ ቀረ።

ፌንጣ ሁለት ጎማ፣ በገመድ ተስባ የምትነሳ ትንሽ የቤንዚን ሞተር፣ ከፊት ደግሞ እንደ ማበጠሪያ የተደረደሩ ጥርሶች ያሉት ረጅም ምላጭ አላት። የሚገዛላት መለዋወጫ በአገሩ የለም፤ ቢኖርም የሚገዛበት አልነበራቸውም። ጎማዋ አልነፋ ሲል ጭድ ጠቀጠቁበት። የነዳጅ ክዳኗ ከወይራ የተጠረበ ነው። ነዳጅ የሚሰጠው ሽቦ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ነው። ቤንዚኑን በአሮጌ ነጠላ አጥልለው ነበር የሚሞሉት። ይስማው ሲፈታ ዘነበች የተፈታውን ሁሉ ሰፌድ ላይ በተራ ትደረድራለች፤ ሲገጥም በተራው ታቀብለዋለች። እሱ ተራውን ይረሳዋል፣ እሷ አትረሳም። በጥቅምትና በኅዳር የሰውን ሣር እያጨዱ ድርሻቸውን በሣር ይወስዱ ስለነበር በሬዎቻቸው ግንቦት ላይ አይከሱም።

ያን ዓመት ጥቅምት ላይ ሞተሩን ከምላጩ ጋር የሚያያይዘው የጎማ ቀበቶ፣ መካኒኮች ቺንጋ የሚሉት፣ ተበጠሰ። ጠፍር አስረው ሞከሩ፤ ጠፍሩ ሲሞቅ እየተለጠጠ ይንሸራተታል።

«ደብረ ታቦር የወፍጮ ቺንጋ አይጠፋም፣ ደርሼ ልምጣ» አለ ይስማው።

«ሣሩ ሳይደርቅ» አለችው።

የተባባሉት የመጨረሻ ቃል ይኸው ሆነ። ሲመለስ የተሳፈረበት መኪና ቁልቁለት ላይ ተገለበጠ። አስከሬኑን ያመጡ ሰዎች ስልኩን፣ ጋቢውንና አንድ ጥቁር ፌስታል አስረከቧት። ፌስታሉ ውስጥ ቺንጋው ነበር፤ አዲስ፣ የጎማ ሽታው ያልለቀቀው።

ዘነበች የምትጮህ መስሏት አፏን ከፍታ ጠበቀች። የመጣ ነገር የለም። ቀብሩን የጎረቤት ቀብር እንደሚያይ ሰው ቆማ አየችው። ያቀረቡላትን በላች፣ ምን እንደበላች ግን ብትጠየቅ አታውቅም። ሰዎች እጇን ይዘው ሲያለቅሱ የእነሱ እጅ ሙቀት እንኳ አልተሰማትም። ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ተቀምጣ በበሩ በኩል የሚታያት ሣሩ ብቻ ነበር። ጫፉ መንጣት ጀምሯል። ቆሞ የደረቀ ሣር ገለባ ነው፤ ከብት አፉን ያሳርፍበታል እንጂ አይጠግብበትም። ያን ሰሞን እርግጠኛ የሆነችበት ነገር ቢኖር እሱ ነበር። ስለዚህ ሠልስቱ ሲወጣ ፌስታሉን ከፈተች።

መካነ ኢየሱስ ከተማ የልብስ ሱቅ ተቀጥራ የምትሠራው ልጇ ሰብለ ለአባቷ ቀብር መጥታ እዚያው ነበረች። እናቷ ቺንጋውን ስትገጥም ደረሰችባት።

«እማየ፣ ምን እየሠራሽ ነው?»

«ልገጥመው ነው።»

«የአባየ አፈሩ እንኳ አልደረቀም!»

«አዎ።»

«ይህን ሊገዛ ሄዶ አይደል የሞተው? እጅሽ እንዴት ይነካዋል?»

ዘነበች ቺንጋውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየችው። «ታዲያ ለምን አመጣው?» አለች። ልጇን ለመርታት ያለችው አልነበረም፤ መልሱን በእውነት የምትጠብቅ ትመስል ነበር። ሰብለ እያለቀሰች ወደ ቤት ገባች።

ሽማግሌዎች ተመካክረው የደብሩን መሪጌታ ምንይችልን ላኩባት። መሪጌታ ከሣሩ ዳር መቋሚያቸውን ተደግፈው ሞተሩ እስኪጠፋ ጠበቁ።

«ልጄ፣ ሰው ምን እንደሚል ሰምተሻል?» አሏት።

«ነግረውኛል፣ አባ።»

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«ምንም አልል። ምንም አይሰማኝም። ኃጢአት ነው ይሆን?»

መሪጌታ የሚጠቅሱት ጥቅስ አላጡም ይሆናል፤ ግን «እኔም አላውቅ» አሉ። ከዚያ ሣሩን በዓይናቸው ለክተው «የደብሩም ሣር ደርሷል። የእናንተ ሲያልቅ ብታጭጅልን» አሏት።

ወሬው ከዚያ ወዲህ ቀነሰ። የቤተ ክርስቲያን ሣር የምታጭድን ሴት ማማት ለብዙዎች ከበዳቸው።

የደብሩ ሣር ውስጥ ግን ከላይ የማይታይ ድንጋይ ተቀብሮ ነበርና ምላጩ መታው። ሁለት ጥርስ ረገፈ። ዘነበች ምላጩን ፈትታ በጆንያ ጠቀለለች፣ ተሸክማ አርብ ገበያ ወረደች። እዚያ ማረሻና ማጭድ የሚሠራ ንጉሴ የሚባል ሽማግሌ ቀጥቃጭ አለ። በመንገድ ያገኛት ሁሉ ያስቆማታል። «እንዴት ነሽ? ቻልሽው? ትንሽ እንኳ አለቀስሽ?» ይላታል። ንጉሴ ግን ጆንያውን ፈትቶ ጣቱን በጥርሶቹ ላይ አስኬደና «ከእነዚህ የትኞቹን ነው ራሳችሁ የቀየራችኋቸው?» አላት።

«ይህንና ያን።»

«ከመኪና ባሌስትራ እቆርጥልሻለሁ። ብረቱ ግን ከሌሎቹ ይጠነክራል። ድንጋይ ሲያገኝ እሱ አይሰበርም፣ ጎረቤቱን ነው የሚያሰብረው።»

«ማለስለስ አይቻልም፣ አያ ንጉሴ?»

«ይቻላል። ጊዜ ይፈልጋል። አመድ ውስጥ ቀስ ብሎ ይቀዝቀዝ።»

«እጠብቃለሁ።»

ወናፉ አጠገብ ተቀመጠች። ንጉሴ ብረቱ አመድ ውስጥ እስኪቀዘቅዝ ማረሻ ይቀጠቅጥ ነበር። አላነጋገራትም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከሰው ጋር መቀመጥ ያልከበዳት ያኔ ብቻ ነበር።

አዲሶቹ ጥርሶች በተገጠሙ በሳምንቱ፣ እርጥብ ሣር ምላጩ ላይ ተጠመጠመ። ይስማው ሞተሩን ሳያጠፋ እጁን ወደ ምላጩ ሰድዶ አያውቅም፤ እሷም አታደርገውም ነበር። ያን ዕለት ግን ጎንበስ ብላ ሣሩን በእጇ መዘዘችው። ሣሩ ተመዘዘ፣ እሷም ማጨዷን ቀጠለች። ውሃ ይዛ የወረደችው ሰብለ ከታጨደው ሣር ላይ ቀይ ነገር አየች፤ መስመሩን በዓይኗ ስትከተል እናቷ ዘንድ ደረሰች።

«እማየ! እጅሽ!»

ዘነበች እጇን አየች። የግራ ሌባ ጣቷ እስከ አጥንቱ ተከፍቷል። «ይህን ሣር ለብቻ አውጪው» አለች። «ደም የነካው ሣር ከብት አይበላውም።»

ሰብለ ሻሿን ቀድዳ ጣቷን አሰረችና ጎትታ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ነርሷ ቁስሉን አጥባ መርፌ አዘጋጀች።

«ማደንዘዣ ነው። ትንሽ ያማል፣ ከዚያ ስሰፋሽ አይሰማሽም።»

«አያስፈልገኝም። ዝም ብለሽ ስፊው።»

«ያስፈልግሻል እንጂ።»

«አሁንም አይሰማኝም» አለች ዘነበች።

ነርሷ ቀና ብላ አየቻት፤ ከዚያ ሰብለን አየች። ሰብለ አንገቷን ደፋች። ነርሷ ማደንዘዣውን ወጋቻት። ዘነበች መርፌው ሲገባ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የክትባት ሥዕል ታይ ነበር።

ሲመለሱ ሰብለ «ሣሩ እስኪያልቅ አልሄድም» አለች።

«ሥራሽስ?»

«ከጠበቁኝ ይጠብቁኝ።»

በማግስቱ የሞተሩን ገመድ ሰብለ ሳበች። አልነሳ አለ። ደጋግማ ሳበች፤ ላቧ በፊቷ ወረደ። ዘነበች የታሰረ እጇን ታቅፋ ድንበሩ ላይ ተቀምጣለች።

«ካንዴላውን ፍቺው» አለች። «እዚያች ነጭ ነገር ያለችበት። በቀሚስሽ ጥረጊው። እሺ፣ ግጠሚው። አሁን በክንድሽ አትሳቢ፣ ከወገብሽ ነው።»

ሰብለ ከወገቧ ሳበች። ፌንጣ ተነሳች። ሰብለ ደንግጣ ወደ ኋላ ዘለለችና ሳቀች፤ ወዲያው ሐዘን ላይ መሆኗ ትዝ ብሏት አፏን በእጇ ያዘች።

«ሳቂ፣ ምንም የለውም» አለቻት እናቷ። እሷ አልሳቀችም።

ኅዳር ሳያልቅ ሣሩ ሁሉ ተከምሮ አለቀ። የዚያን ጊዜ የይስማው ታናሽ ወንድም ደሴ መጣ። ወንዝ ዳር ሽንኩርት ይተክላል፣ ውሃ የሚስብበት ሞተር ግን የለውም። ምን ሊጠይቅ እንደመጣ ሰፈሩ ያውቃል፤ ጠብ እንደሚነሳም ይጠብቃል። ደሴ ራሱ ለጠብ ተዘጋጅቶ ነበር የመጣው።

«እትየ፣ እስከ ክረምት ዝም ብሎ ከሚቆም፣ ሞተሩን ብቻ ፈትቼ ልውሰደውና ልሥራበት። የወንድሜም እቃ ነው።»

«እሺ» አለች ዘነበች።

«እሺ?»

«ቤንዚኑን ሳታጠልል እንዳትሞላ።»

ደሴ ያዘጋጀውን ክርክር ሁሉ ይዞት ተመለሰ፤ ሞተሩን በአህያ ጭኖ ወንዙ ዳር ወረደ። ሰብለም ወደ መካነ ኢየሱስ ሄደች፣ ሱቁ ጠብቋት ነበር። ተዝካሩ ወጣ። ዘነበች እንግዳ አስተናገደች፣ የጎደለ ነገር አልነበረም። ግንቦት ላይ ድርቁ ሲጠና የብዙ ሰው ከብት በሰው ድጋፍ ሲነሳ የእሷ በሬዎች በእግራቸው ቆመው ነበር። «ልቧ ድንጋይ ነው» ብላ ያማቻት ጎረቤቷ እቅፍ ሣር ልትለምን መጣች። ዘነበች ሁለት እቅፍ ሰጠቻት። ደስ አላላትም፣ አልከፋትምም።

ሐምሌ ገብቶ ዝናቡ ሲበረታ ደሴ ሞተሩን መለሰ። ሰብለ ያን ሰሞን ፈቃድ ይዛ እቤት ነበረች። ዘነበች ሞተሩን ከአህያው አውርዳ ዞራ አየችው። ከሥሩ ከሚይዙት ብሎኖች የአንዱ ዳዶ የለም፤ ደሴ በሽቦ ጠምዝዞታል።

«ዳዶው የታለ?»

«ውሃ ውስጥ ወደቀ መሰለኝ። በሽቦ አጥብቄዋለሁ፣ አይነቃነቅም።»

ያን ጊዜ ዘነበች ጮኸች። ማንም፣ ራሷም ጭምር፣ አልጠበቀውም። ድምፅዋ ከየት እንደወጣ አይታወቅም፤ በደሴ ላይ ጮኸች፣ በሽቦው ላይ ጮኸች፣ በወንዙ ላይ ጮኸች። ጎረቤቶች ሰው የሞተ መስሏቸው በዝናብ ሮጠው መጡ።

«እትየ፣ አንዲት ዳዶ እኮ ናት!» አለ ደሴ ወደ ኋላ እያፈገፈገ።

«አንዲት ዳዶ! አንዲት ዳዶ!» አለች ዘነበች፤ ሌላ ቃል የጠፋባት ይመስል እሱኑ እየደጋገመች ጉሮሮዋ እስኪዘጋ ጮኸች። ጎረቤቶች ሊይዟት ሲሉ በሩ ላይ የቆመችው ሰብለ «ተዉአት» አለቻቸው።

ከዚያ እንደጀመራት ተዋት። ጭቃው ላይ ተቀመጠች። ጥቂት ቆይታ «ራበኝ» አለች። ሰብለ ዳቦና ሽሮ አመጣችላት፤ ዝናብ ላይ እንዳለች ጠርጋ በላችው። ሰዎቹ ተያይተው አንድ ነገር የተፈታ መስሏቸው እግዚአብሔርን አመሰገኑ። ወደ ቤት ስትገባ ግን ያው ዘነበች ነበረች፤ ሲያናግሯት ትመልሳለች፣ ካላናገሯት ዝም ትላለች። ሰብለ አጠገቧ ተቀምጣ «ቀለለሽ?» ብትላት «ጉሮሮየን አመመኝ» አለች።

አርብ ዕለት ዘነበችና ደሴ አብረው ገበያ ወረዱ። አንድ አሮጌ ብረት የሚሸጥ ሰው ጋር ቁጢጥ አሉ። ደሴ ከሻጩ ቆርቆሮ ጣሳ ዳዶ እያወጣ ያቀብላታል፤ ዘነበች ከሞተሩ የፈታችውን ብሎን ይዛ አንድ በአንድ ትሞክራለች። አንዱ ጠበበ፣ አንዱ ሰፋ።

«ይህስ?» አለ ደሴ።

«አምጣው እስቲ» አለች።