የሽብሩ እጅና የእኔ ጆሮ

ጠዋት የሽብሩ ልጅ ሰላም ደውላ «ጋሼ፣ አባዬ አረፈ» አለችኝ። «ቀልድ የእኔ ሥራ ነው፣ አንቺ ተዪው» አልኳት። ከዚያ ስታለቅስ ሰማሁ።

እስካሁን አላመንኩም። ትናንት ከሰዓት በስልክ ስንሰዳደብ ነበር። እኔ የሰደብኩት ሰው ደግሞ እንዲህ በቀላሉ አይሞትም።

ለማታውቁት፣ ሽብሩ ፒያኖ ቃኝ ነበር። ከቦሌ ሆቴሎች እስከ ገርጂ ቸርቾች ፒያኖ ያለበት ሁሉ ያውቀዋል። እኔ አኮርዲዮን ከምጫወትበት ጊዜ ጀምሮ ወዳጄ ነው፤ አርባ ዓመት አለፈን።

ዕቃው አንድ መፍቻና ሁለት ጣት ያላት፣ ሹካ የምትመስል ብረት ናት። ብረቷን ጉልበቱ ላይ መታ ያደርግና እጀታዋን በጥርሱ ይነክሳል። የምትሰጠው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፣ «ላ» የሚባለውን ኖታ። ከዚያች ከአንዷ ተነስቶ ፒያኖውን በሙሉ በጆሮው ይቃኘዋል።

«ሽብሩ፣ ሹካ ሲነከስ እኮ ጫፉ ላይ ምግብ ይኖራል» እለዋለሁ።

«አንዷን በደንብ ያዝ፤ ሌሎቹ ራሳቸው ይመጣሉ» ይለኛል። ለሁሉም ነገር መልሱ ይቺ ነበረች። አንድ ቀን «ለዚህ ነዋ ከአንድ ሚስት ጋር ይህን ያህል የቆየኸው፣ ሌሎቹን እየጠበቅክ!» ብዬው ባለቤቱ በጭልፋ አባርራኛለች።

ሥራውን ሲጨርስ ወደ እኔ ዞሮ «እህ?» ይላል። እኔም ሁልጊዜ «ወርዷል» እለዋለሁ፤ ድምፁ ከልኩ ዝቅ ብሏል ማለቴ ነው። ምንም እንከን ባይኖረውም ወርዷል። አርባ ዓመት ሙሉ ወርዷል። ይስቅና ዕቃውን ይሰበስባል።

የዛሬ ሁለት ዓመት ገርጂ አንድ ቸርች ውስጥ ለማግስቱ ሠርግ ፒያኖ ሲቃኝ አብሬው ነበርኩ። የመሃሎቹ ድምፆች እንደ ድሮው ልክ ናቸው። ከላይ ያሉት ቀጫጭን ድምፆች ግን እያንዳንዳቸው በየፊናቸው ሄደዋል። ሽብሩ አልሰማቸውም። ጨረሰና «እህ?» አለኝ።

የለመድኩት መልስ አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። «ልክ ነው» አልኩት።

ወጥተን ኢምፔሪያል ያለው የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆምን። ረዳቶቹ «ቦሌ! ቦሌ!» ይላሉ፣ እሱ ጫማውን ያያል።

«ዛሬ ለምን ወርዷል አላልክም?»

«ረሳሁት።»

«አንተ? ሰው መስደብ? ይልቅ ንገረኝ፣ ከላይ ያሉት ናቸው አይደል?»

«አዎ» አልኩ። አዝኜለት ልሸፍንለት ብዬ አጋለጥኩት።

«እንግዲህ በቃኝ ማለት ነው። የማይሰማ ቃኝ ምን ይሠራል?»

እንዲህ ሲል ሰምቼው አላውቅም። ደነገጥኩ።

«አንተ ከተውክ እኔ ማንን ልስደብ? እጅ አንተ አለህ፣ ጆሮ እኔ አለኝ። ሰልፉን ተወውና ና!»

ተመለስን። እሱ መፍቻውን ያዞራል፣ ዓይኑ እኔ ፊት ላይ ነው። ድምፁ ሲከፋ ግንባሬን እቋጥራለሁ፣ ሲስተካከል እፈታለሁ። አንዳንዴ ተስተካክሎም ሆን ብዬ እቋጥርና በመፍቻው ጉልበቴን ይለኛል። በማግስቱ ሙሽሮቹ ገቡ፤ ማንም ምንም አላወቀም።

ከዚያ ወዲህ እንደዚያው ስንዞር ከረምን። አንድ የቦሌ ሆቴል ሥራ አስኪያጅ «እርስዎስ ምን ይሠራሉ?» ቢለኝ ሽብሩ ቀድሞ «ረዳቴ ነው፤ ሥራው መቀመጥ ነው» አለው። በሰባ ሁለት ዓመቴ ረዳት ሆንኩ። እኔም አላፈርኩም፣ እንደ ታክሲ ረዳት «የሞላ! የሞላ!» እያልኩ ገባሁ።

የጆሮውን ነገር ከቤተሰቡ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። «ሰው ከሰማ የሚጠራኝ የለም» ይል ነበር። አፌ ብዙ ነገር አምልጦታል፤ ይቺን ግን ያዝኩለት።

ዛሬ የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሰላምን «ልጻፈው ወይ?» አልኳት። «ይጻፉት ጋሼ፤ አሁን ማን ሥራ ይከለክለዋል?» አለችኝ።

ስለዚህ ጻፍኩት። ፒያኖ ያላችሁ ሰዎች፣ እንዳትጠራጠሩ። አንዱንም አበላሽቶ አልወጣም። አጠገቡ ተቀምጬ ሰምቻለሁ።

ሽብሩ፣ ደክሞኛል ወንድሜ። ሰው ሁሉ እየመጣ አይዞህ ይለኛል፣ እኔ የናፈቀኝ ስድብህ ነው። ምስጢርህን አውጥቻለሁ፤ ከተቀየምክ ስመጣ ትነግረኛለህ፣ ብዙም አልቆይም። አሁን እጅህን አሳርፈው። እኔም ከእንግዲህ ፒያኖ አጠገብ አልቀመጥም።