ኢንጂነሩን ያላመኑት ጋሽ ደምሴ

ጠዋት "ጋሽ ደምሴ አረፉ" የሚለውን ሳነብ ውሸት ነው አልኩ። እዚህ ፌስቡክ ላይ ሰው ሳይሞት ስንቴ አልቅሰናል? ልጃቸው ጋ ደወልኩ፤ አላነሳችም። ደግሜ ደወልኩ። በሦስተኛው አነሳች፤ እያለቀሰች ነበር፤ እውነት ነው።

ለማታውቋቸው፦ እዚህ በምንኖርበት ውጭ አገር፣ ኦሪጅናል ኦሮራ በሚባለው ሰፈር፣ ከኮልፋክስ ጎዳና ገባ ብሎ ባለው አፓርትመንታችን ግራውንድ ላይ ጎረቤቴ ነበሩ። ጡረታ እስኪወጡ መንገደኛ የሚያመላልስ የኤርፖርት ሻትል ነድተዋል። ማንንም ቶሎ አያምኑም። ወተት ሲገዙ እንኳ የሚበላሽበትን ቀን ሁለቴ ነው የሚያዩት።

ዝናብ በጣለ ቁጥር የፓርኪንጉ ውሃ ቤታችን ይገባ ነበር። ምንጣፋችንን ስንቴ ፀሐይ ላይ አሰጣነው!

በኋላ ማኔጅመንቱ ኢንጂነር አምጥቶ የፓርኪንጉን ጠርዝ ጎድጎድ አድርጎ አስቆፈረ። ጠጠርና አሸዋማ አፈር ሞሉበት፣ ሣርና አበባ ተከሉበት። ሬይን ጋርደን ይሉታል። ውሃው እዚያ ገብቶ ወደ መሬት ይሰርጋል ተባልን። አጨበጨብን።

ጋሽ ደምሴ አላጨበጨቡም። አንድ ባልዲ ውሃ ከቤት አምጥተው አስፋልቱ ላይ ደፉት። ውሃው ወደ አትክልቱ የሚገባበትን መግቢያ አልፎ፣ ቀጥ ብሎ ወደ በራቸው!

"ፕላኑ ትክክል ነው" አለ ኢንጂነሩ በእንግሊዝኛ፤ አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ።

"ወረቀቱን ተወውና ውሃውን ጠይቀው በለው" አሉኝ ጋሽ ደምሴ።

አፍሬ "ትንሽ ጥያቄ አላቸው" ብዬ ተረጎምኩ።

በጎን አዩኝ። "እንደሱ አላልኩም። አንተም ከነሱ ጋር ነህ እንዴ?"

ቃል በቃል ነገርኩት። ሰውየው ፊቱ ቀላ፤ ግን ጎንበስ ብሎ ለካ። መግቢያው ከአስፋልቱ ከፍ ብሎ ኖሯል። በሳምንቱ ሰብረው ዝቅ አደረጉት።

ከዚያ በረዶ የቀላቀለ ዶፍ ወረደ። ውሃው ታጥፎ አበባው ውስጥ ገባ፤ ደጃችን ደረቅ! እኛ ስንጮህ እሳቸው "ቆይ፣ ነገም ይታያል" አሉ። በማግስቱ አፈሩን በእንጨት እየወጉ ውሃው መስረጉን አረጋገጡ። መግቢያውን የሚደፍነውን ቅጠልና ፌስታል በየሳምንቱ የሚያነሱትም ራሳቸው ነበሩ።

ዛሬ ማኔጅመንቱ "አይዟችሁ፣ አትክልቱን እኛ እንይዘዋለን" ብሎ ቴክስት አደረገልን። እኔ ግን ከሥራ ስመለስ ቅጠሉን የማነሳበት ጓንት ገዛሁ።

ጋሼ፣ ያን ቀን "ምነው ዝም ቢሉ" ብዬ አፍሬብዎ ነበር። በሕይወት ሳሉ አልነገርኩዎትም። ልጆቼ ደረቅ ወለል ላይ የሚተኙት በእርስዎ ነው። እንግዲህ ማን ይጠራጠርልን? ደህና ይሁኑ ጋሼ፤ አፈሩ ይቅለልዎ።