አባዬ ያለ ባርኔጣ

ገና ከማድረቂያ የወጣ ፎጣ ፊቴ ላይ ሳደርግ ዛሬም አሥራ አንድ ዓመቴ ይሆናል። በዘጠናዎቹ አጋማሽ ኦክላንድ ስንኖር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እማዬና እኔ የሳምንቱን ልብስ በሁለት ከረጢት ተሸክመን ሰፈራችን ወዳለው ላውንደሪ እንሄድ ነበር። ከረጢቱ ከእኔ ይከብዳል፤ አንድ ቀን ንፋስ ሲነሳ እኔን መሬት ይዞ ያስቀረኝ እሱ ነው። እማዬ ሳሙናውን ጨምራ እዚያ ከምታገኛት ጓደኛዋ ጋር ወሬ ስትጀምር፣ እኔ ግድግዳው ስር ሄጄ እገተራለሁ።

ከማድረቂያዎቹ በላይ የላውንደሪው ባለቤት ሚስተር ኸርበርት መንገድ ላይ ያነሳቸው ፎቶዎች ተሰቅለው ነበር። ረጅም፣ ሸበቶ፣ ዝምተኛ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ሥራ ሲቀዘቅዝ ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በሩ ላይ ይቆማል። የሚያዛጋ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ጫማዋን አውልቃ እግሯን የምታሽ ነርስ፣ አንድ ሳንድዊች ለሁለት የሚካፈሉ ሽማግሌዎች። አንዳቸውም ወደ ካሜራው አያዩም። ለእኔ ይህ ጉድ ነበር። እኛ ቤት ፎቶ ማለት ፀጉር ተበጥሮ፣ ትንፋሽ ተይዞ፣ የሰው መኪና ተደግፎ፣ ከራስ እስከ ጫማ ነው። ጫማ ካልታየ ሰውየው እግር የለውም ይባላል።

ልብሱ እስኪታጠብና እስኪደርቅ እነዚያን ፎቶዎች አጠናለሁ። ትምህርቴን እንዲያ አጥንቼ ቢሆን ዛሬ ጨረቃ ላይ ቢሮ ይኖረኝ ነበር። ከብዙ ቅዳሜ በኋላ አንድ ነገር ገባኝ፤ የሁሉም ሰው የአፍንጫ ቀዳዳ ይታያል። ለካ ሚስተር ኸርበርት ካሜራውን ወደ ዓይኑ አያነሳም፣ ከሆዱ ላይ ነው የሚያነሳቸው። ሄጄ ይህንኑ ስነግረው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ አየሁት። ሰው ፎቶ እንደሚነሳ ካወቀ ፊቱን እንደ ልብስ ይለብሳል፣ እኔ የምፈልገው ከመልበሱ በፊት ያለውን ነው አለኝ። ቅረቢ፣ ከዚያ እስኪረሱሽ ጠብቂ ሲልም ጨመረልኝ።

ምክሩን ያዝኩ፤ ካሜራ ግን የለኝም። ቤታችን የነበረችው አንዲት ካሜራ የአባዬ ነበረች፤ ከእሱ በቀር የሚነካት የለም። በዚህ የተነሳ ደሴ ላሉት አያቴ ለእማማ ዘነቡ ሰባት ዓመት ሙሉ በተላኩት ፎቶዎች እማዬ አለች፣ እኔ አለሁ፣ አባዬ የለም። የሚያነሳው እሱ ነዋ።

አንድ ቀን ከአክስቴ ከትርንጎ ደብዳቤ መጣ። አያቴ «ልጄ ሞቷል፣ መርዶውን ደብቃችሁኛል» ብለው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል፤ እህል አይቀምሱም። አባዬ ስልክ ደወለ። ጆሯቸው ስለደከመ ድምፁን አልለዩትም፤ ጭራሽ የሚያስመስል ሰው ቀጥረው አመጡብኝ አሉ። መርዶ እንዴት እንደሚደበቅ ማን ይነግራቸዋል፣ ራሳቸው ስንቱን ሲደብቁ የኖሩ ናቸው።

በሳምንቱ ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ተገኘ። አባዬ ሃያ አራት ፎቶ የሚያነሳ ፊልም ገዝቶ፣ ቅዳሜ ጠዋት ካሜራዋን እንደ አራስ ልጅ አስታቀፈኝ። እሁድ ከቸርች መልስ ሱፉን ለብሶ አነሳዋለሁ፤ እስከዚያ እንድለማመድ ሁለት ብቻ ፈቀደልኝ።

እሁድ ጠዋት የቀረችው አንዲት ነበረች። የአውቶቡስ ተሳፋሪ፣ ርግብ፣ የማላውቀው ሰው ጉልበት፣ ሁሉንም ከሆዴ ላይ አነሳሁ። ሃያ ሦስተኛዋን ላነሳ ስል አባዬ ደረሰብኝ። ራሱ ባዶ፣ ፎጣ ትከሻው ላይ፣ ነጠላ ጫማ በአንድ እግሩ ብቻ፣ ጣቱን ቀስሮ «አንቺ፣ ፊልሙን ልትጨርሺው ነው?» ሲል ጣቴ የካሜራዋን ቁልፍ ተጫነው። በመጨረሻዋ ሱፉን ለብሶ፣ የጎረቤት መኪና ተደግፎ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ ቆመልኝ። አሜሪካ ከገባ ወዲህ ፀጉሩ ከድቶት ስለነበር ያለ ባርኔጣ ፎቶ አይሞከርም።

ፊልሙ ዲቨሎፕ ተደርጎ ሲመጣ አባዬ አንድ በአንድ ገለጠው። «ይሄ የማን አፍንጫ ነው?» አለ። ቀጥሎ፣ «ለእናቴ የርግብ ቂጥ ልላክላት?» የባርኔጣውን ፎቶ ፖስታ ውስጥ ጨመረና ማሸጊያ ሊፈልግ ተነሳ። ያኔ ያቺን የቁጣ ፎቶ ከባርኔጣው ፎቶ ኋላ ሸጎጥኳት። ሰይጣን አሳሳተኝ እንዳልል፣ ያሳሳተኝ የላውንደሪው ግድግዳ ነው። እሱ ላይ ካየኋቸው ፊቶች ጋር የምትቀመጥ ያቺ ብቻ ነበረች።

ሁለት ወር በፍርሃት ከሳሁ፤ ጥላዬ ሳይቀር ቀጠነ። መልሱ ሲመጣ አባዬ ጮክ ብሎ ያነብልን ጀመር። አያቴ ባለባርኔጣውን ሲያዩ «ይሄማ ከመሄዱ በፊት የተነሳው ነው፣ ለለቅሶው ያዘጋጃችሁት» ብለው እዬዬውን አቀለጡት። ትርንጎ ሁለተኛውን ሰጠቻቸው። መስኮቱ ጋ ወስደው አገላብጠው አዩት። ከዚያ አሉ፦

«የሞተ ሰው ራሱ አይመለጥም። ልጄ አለ።»

ነጠላቸውን አስተካክለው ምሳ አስቀረቡ።

አባዬ ማንበቡን አቆመ። እጁን ቀስ አድርጎ አናቱ ላይ ጫነ። እኔ ጠረጴዛው ስር ከገባሁ ቆይቻለሁ። ጎንበስ ብሎ አየኝ፤ ዓይኑ እንባ አዝሏል። «ነይ ውጪ። ካሜራዋን ያዣት» አለ። ቆየት ብሎ፣ «ፊልሙን ግን የምገዛው እኔ ነኝ።» ከሦስት ዓመት በኋላ ደሴ ሄዶ አያቴ በዓይናቸው አዩት፤ ከመሳማቸው በፊት ራሱን ዳበሱት አሉ።

ዛሬ ሳን ሆዜ ሆኜ የሰው ሠርግ አነሳለሁ። ላውንደሪው ግድግዳ ስር ስገተር «ምን ትሠሪያለሽ?» ብሎ ያላባረረኝን ያን ሰው በየሥራዬ አመሰግነዋለሁ። ልጆቼ በስልካቸው መቶ ፎቶ አንስተው ዘጠና ዘጠኙን እዚያው ያጠፋሉ፤ አፌ ተከፈተ፣ ፀጉሬ ቆመ እያሉ። አልፈርድባቸውም። ያኔ አባዬም እንዲህ ያለ ማጥፊያ ቢኖረው፣ ያቺን ፎቶ ነጠላ ጫማውን ሳያጠልቅ ያጠፋት ነበር። ስላልነበረው ተመስገን፤ ያለዚያ አያቴ ልጃቸውን በሕይወት እያለ ሲያለቅሱለት ይኖሩ ነበር።