ከጠበሉ አጠገብ የተቀመጠው ጠርሙስ

ከጦርነት የሸሸ ሰው በሰው አገር የጠመንጃ አፍ እያጠበ የሚኖረው ለምንድን ነው? ስለ ደርበው ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ ለራሴ አንሥቼ መልስ አጥቼለታለሁ። እሱንም አንድ ቀን ጠይቄው ነበር። «እጄ የሚያውቀው ይሄንኑ ነዋ» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ከጥርሱ አላለፈም።

አገር ቤት ሳለ በጦሩ የመሣሪያ ጥገና ክፍል ውስጥ ይሠራ ነበር። በሱዳን በኩል ወጥቶ ካልጋሪ ሲገባ መጀመሪያ ያገኘው ሥራ ዳውንታውን ውስጥ የነዳጅ ኩባንያዎችን ቢሮ መወልወል ነው። ሁለት ክረምት እንደሠራ ከሰንሪጅ የገበያ አዳራሽ ጀርባ፣ በጎማ መሸጫና በምንጣፍ ቤት መካከል የተሸጎጠች የጠመንጃ መጠገኛ አየና ገባ። ባለቤቱ ዋልተር የሚባል ጆሮው የደከመ ሽማግሌ ነበር። ደርበው በዚያን ጊዜ እንግሊዝኛው ብዙም አይደለም። ጠረጴዛው ላይ ተፈታቶ የነበረውን ጠመንጃ ዝም ብሎ ገጣጠመለት። በማግስቱ ሥራ ጀመረ።

ሥራው ባብዛኛው ጽዳት ነው። በመኸር አዳኞች ጠመንጃቸውን ያመጣሉ፤ በተረፈው ጊዜ ደግሞ ለውድድር የሚተኩሱ ሰዎች ይመጣሉ። ድምፅ ማፈኛ በካናዳ ሕግ ክልክል ስለሆነ ወደ ሱቁ ዝር አይልም። የሚመጣው የሥጋ ዘመዱ ነው፤ በአፈሙዙ ጫፍ ላይ የሚጠመዘዝ፣ ጎንና ጎኑ የተበሳሳ አጭር ብረት። ብሬክ ይሉታል፤ የጠመንጃውን ርግጫ ይቀንሳል። ተወዳዳሪዎቹ የሚተኩሷት ትንሽ ጥይት ከእርሳስ የተሠራች ናት። ባሩዱ ጥቀርሻውን፣ ጥይቷ የእርሳስ ብናኟን ትተው ያልፋሉ። ሁለቱ እየተደራረቡ በቆየ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚጋገረው ደለል ይጠጥራሉ፤ ይሄኛው ግን ጥቁር ነው። በብሩሽ አይነሣም፣ በቢላም አይፋቅም። አቼቶና ከፋርማሲ የሚገዛ የቁስል ማጠቢያ ተቀላቅሎበት ሲዘፈዘፍ ነው የሚለቀው። ሲለቅ ይፈላል፣ ይጨሳል፤ በመጨረሻ ጥቀርሻው ሲዘቅጥ ከላይ የሚቀረው ፈሳሽ ኩልል ያለ ነው።

ዋልተር በዚህ ፈሳሽ ነገር ቀልድ አያውቅም ነበር። በመጀመሪያው ቀን ደርበውን ክንዱን ይዞ ወደ ቀዩ በርሜል ወሰደው።

«ያጠብክበት ውኃ እዚህ ይገባል። ሲንክ ውስጥ አይደፋም፤ ከዚህ በር አይወጣም። እርሳስ ሟምቶበታል። ብትቀምሰው ይጣፍጣል፤ ክፋቱም እሱ ነው።»

ደርበው ይህን ትእዛዝ ለዓመታት አክብሮ ኖረ። ያፈረሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በ1996 መኸር፣ አንድ ቅዳሜ።

ሱቁ ሊዘጋ ሲል አንድ ደንበኛ ብሬኩ ተደፍኖበት መጣ። ውድድሩ እሑድ ነው። ብሬኩ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ማደር አለበት፤ እሑድ ደግሞ ሱቁ ዝግ ነው። ዋልተር አይሆንም አለ። ሰውየው ግን አንገቱን ደፍቶ ሲወጣ ደርበው መኪና ማቆሚያው ድረስ ተከትሎት «ጠዋት ከቤቴ ውሰድ» አለው። ለገንዘብ ብሎ አይደለም። የእጁን ሥራ የሚፈልግ ሰው ባዶ እጁን ሲመለስ ማየት አይችልም ነበር።

ቤታቸው ሜይላንድ ሃይትስ ነው፤ የዲርፉት መንገድ የመኪና ጩኸት ቀን ከሌት የማያባራበት ምድር ቤት፣ ቤዝመንት። ሚስቱ አፀደ ሰንሪጅ ውስጥ ልብስ መደብር ትሠራለች። ልጃቸው ኑሃሚን እዚሁ የተወለደች ናት፤ ሰባት ዓመቷ ነበር። በዚያ ሰሞን ደግሞ የአፀደ እናት እትዬ ሸዋወርቅ ከአዲስ አበባ መጥተው አብረዋቸው ነበሩ። ሲመጡ በባዶ የለስላሳ ፕላስቲክ ጠርሙስ ጠበል ይዘው ነው። ኤርፖርት ላይ ፈታሹ ጠርሙሱን አንሥቶ ምንድን ነው ቢላቸው በእጃቸው አማተቡና ደረቱ ላይም አማተቡበት። ግራ ገብቶት አሳለፋቸው። ጠርሙሱ ሳሎን ውስጥ ከእመቤታችን ሥዕል ሥር ባለችው ከፍ ያለች መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ።

ደርበው ብሬኩን የዘፈዘፈው የቤቱ ማሞቂያ ባለበት ጓዳ ውስጥ፣ በብርጭቆ ማሰሮ ነው። እሑድ ማለዳ ሰውየው መጥቶ ብሬኩን ወሰደ። ደርበው ፈሳሹን ሰኞ ወደ በርሜሉ ሊመልሰው አጥልሎ በባዶ የለስላሳ ጠርሙስ ቀዳው። ጓዳው ውስጥ እንዳይተወው ኑሃሚን ብስክሌቷን የምታኖረው እዚያ ነው። በእንቅልፍ ዓይኑ ዙሪያውን ሲቃኝ ከቤቱ ሁሉ የልጅ እጅ የማይደርስበት አንድ ቦታ ታየው። አስቀመጠውና ተመልሶ ተኛ።

ሲነቃ አፀደ ለቅዳሴ ሄዳለች። እትዬ ሸዋወርቅ ነጠላቸውን እንደለበሱ ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል፤ ኑሃሚን እግራቸው ሥር ምንጣፉ ላይ ካርቱን ታያለች። ከአጠገቧ አንድ ባዶ ስኒ አለ።

«ነቃህ? ሳሏ ሲያንገላታት አደረ። ጠበል አጠጣኋት» አሉት።

«እሰይ፣ ደግ አደረጉ እማማ» አለና ወደ ወጥ ቤት አለፈ። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ውኃ መሙላት ጀምሮ ነበር። ቧንቧውን ዘጋና ተመለሰ።

«ከየትኛው ነው የቀዱት?»

«ከጠበሉ ነዋ። ከምን ልቅዳ?»

«ሁለት ጠርሙስ ነው ያለው።»

«አየሁ እንጂ! አፀደ ከቤተ ክርስቲያን አምጥታ ጨመረችበት ብዬ ደስ አለኝ። የኔውን ልቆጥብ ብዬ አዲሱን ከፈትኩት።»

ደርበው መደርደሪያውን ቀና ብሎ ለማየት አቅም አጣ።

«እርስዎም ጠጡ?»

«አንድ ስኒ። ኃይለኛ ነው። መጀመሪያ ይኮመጥጥና ኋላ ይጣፍጣል። አገር ቤት የሚሸት አለ፣ የሚመርም አለ፤ የሚጣፍጥ ግን ገጥሞኝ አያውቅም። እዚህም ጠበል ፈለቀ እንዴ?»

ደርበው ምንጣፉ ላይ ተንበረከከ።

«ኑሃሚን፣ ጠጣሽው?»

ልጅቷ አያቷን አየችና ራሷን ነቀነቀች።

«ሁሉንም?»

«የስ ባባ» አለች፣ ዓይኗን ወደ ቴሌቪዥኑ መልሳ።

ለዋልተር ቤት ደወለ። ሽማግሌው ጆሮው ስለደከመ ሁለት ጊዜ አስደገመው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ ለመናገር ከበደ። ዋልተር አልተቆጣም። «ጠርሙሱን ይዘህ ሁለቱንም ሆስፒታል ውሰዳቸው። አሁኑኑ። ስለ ሱቁ ሌላ ጊዜ» ብሎ ስልኩን ዘጋ። ቢቆጣ ይሻለው ነበር።

ችግሩ እትዬ ሸዋወርቅን ማንቀሳቀስ ሆነ።

«እኔ ምን ሆንኩና ነው ሐኪም ቤት?»

«እባክዎ ይነሡ።»

«ቅዳሴ ሳይወጣ? እህል እንኳ አልቀመስኩም።»

«መኪና ውስጥ እነግርዎታለሁ።»

ዲርፉት ላይ ሲወጡ ነገራቸው። ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ «እማማ፣ ጠበል አይደለም» አለ።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«የጠመንጃ እጣቢ ነው። መርዝ አለበት።»

አሮጊቷ ከኋላ ወንበር እንደ ተራ ጥያቄ ቀስ ብለው «በእጄ አጠጣኋት በለኛ» አሉ። ለእሱ የተናገሩት አልነበረም። ደርበው በመስታወቱ አያቸው፤ የልጅቷን ራስ ደረታቸው ላይ አስጠግተው በነጠላቸው ሸፍነዋታል። ልጅቷ አንድ ጊዜ ሳለች፤ ያን ሳል ከዚያ በፊት ሰምቶት የማያውቅ መሰለው።

ሆስፒታሉ ውስጥ ከሁለቱም ደም ተቀዳ፤ ጠርሙሱም ተወሰደ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። የኑሃሚንን ሆድ እየዳሰሰች ምን ያህል እንደጠጣች ጠየቀች። ደርበው ተረጎመ።

«ስኒ ሙሉ» አሉ እትዬ ሸዋወርቅ። «እስክትጨርስ ዓይኔን አልነቀልኩም።» ደግሞም ጨመሩ፤ «ነጠላዬን ላስተካክል ዞር ካልኩ ነው።»

ሐኪሟ እርሳስ በአዋቂ ሰው ደም ውስጥ ሲገባና በልጅ ደም ውስጥ ሲገባ እኩል እንዳልሆነ አስረዳችው። ከልጅ አእምሮ ላይ የሚወስደውን አይመልስም አለች። የደሙ ውጤት የሚደርሰው ነገ ጠዋት ስለሆነ ሁለቱም እዚያው ያድራሉ። ደርበው ይህን ሁሉ ለአማቱ ሲተረጉም አእምሮ የሚለውን ዘለለው።

ቀጥላ የመጣችው ሐኪም አይደለችም፤ የልጆችን ጉዳይ የምትከታተል ሠራተኛ ናት። ድምፅዋ ለስላሳ ነው፤ ቤት ውስጥ ስንት ክፍል እንዳለ፣ ኬሚካል የት እንደሚቀመጥ ጠየቀችው። በከተማው ሐበሻ ዘንድ ስለነዚህ ሴቶች የሚወራውን ያውቃል፤ ፈገግ እያሉ ነው ልጅ የሚወስዱት ይባላል። የሚመልሰው ሁሉ እውነት ነበር፤ እውነቱም ከውሸት የባሰ ነበር።

አፀደ በታክሲ ደረሰች። ደርበው ሲወጣ በቤቱ በር ላይ የለጠፈላትን ወረቀት አንብባ ነው። ነጠላዋን መስቀለኛ እንዳጣፋች ናት፤ ከቤተ ክርስቲያን እንደወጣች። ልጇን ሳመች፣ እናቷን ሳመች፣ ከዚያ ባሏን ኮሪደር ይዛው ወጣች። አልጮኸችም።

«የት ነው ያስቀመጥከው?»

«እላይ።»

«እላይ የት?»

«ከሥዕሉ ሥር። ልጅ እንዳትደርስበት ብዬ ነው።»

«እናቴስ? በየጠዋቱ እጇን ወዴት እንደምትዘረጋ አታይም? አንድ ቤት አይደለም የምንኖረው?»

በጓዳው፣ በብስክሌቱ፣ በእንቅልፉ ሊያመካኝ ጀምሮ ተወው።

«ልጄ አንድ ነገር ብትሆን» አለችና አፀደ ቀሪውን ዋጠችው። ያላለቀው ዓረፍተ ነገር አብሮት አደረ። ሌሊቱን ወንበር ላይ ተቀምጦ ነጋለት። ኑሃሚን በእንቅልፍ ልቧ ስትንቀሳቀስ ይነሣል፤ ሳትንቀሳቀስ ደግሞ ይብስበታል። በሹክሹክታ የማባዣ ሠንጠረዥ ሊጠይቃት አስቦ እንደነበር ነግሮኛል። አእምሮዋ ደህና መሆኑን ለማወቅ ነው። ከእንቅልፏ ቀስቅሶ «ሰባት ጊዜ ስምንት» ሊል።

ሰኞ ጠዋት ነርሷ ለእትዬ ሸዋወርቅ ወተት አቀረበች። አሮጊቷ ከትናንት ጀምሮ ከውኃ በቀር አፋቸው የገባ ነገር የለም፤ ልጅቷ ካልተነሣች አልበላም ብለዋል። ኑሃሚን ወተቱን አየች፣ አያቷን አየች፤ ከዚያ የእናቷን እጅ ጎተተች።

«ማሚ፣ ጠበል የተፋ ሰው ምን ይሆናል?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ላይክ... ባይወደው። ስሜሉ፣ ሽታው፣ ሰንሪጅ ፉድ ኮርት ቺፕስ ላይ የሚያደርጉት ነው። ያ አቼቶ። እኔ ያንን አልወድም።»

ደርበው ከወንበሩ ተነሣ። አፀደ በእጇ አስቆመችው።

«ተፋሽው እንዴ የኔ እመቤት?»

«አያቴ ነጠላዋን ስታስተካክል ስኒው ውስጥ ተፋሁት። ከዛ ቶሎ ብዬ ሶፋው ጋ ያለው አበባ ላይ ደፋሁት።» ወደ አያቷ ዞረች። «ሶሪ አያቴ። ኃጢአት ነው፣ አይደል? ለዛ ነው ያልተናገርኩት።»

ሁሉም የሚያዩት እትዬ ሸዋወርቅን ነበር። ጠበል ወለል ላይ ጠብ ሲል ደንግጠው በነጠላቸው የሚጠርጉ ሴት ናቸው። ከአልጋቸው ወረዱ፤ ወደ ልጅቷ አልጋ ሄደው ፊቷን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«እንኳን ተፋሽ» አሉ። «እንኳን ተፋሽ የኔ ልጅ። ወተቱን አምጡልኝ።»

ደርበው ግን አላመነም። ልጆች የከፋውን ሰው ለማስደሰት የማይሉት ነገር የለም ብሎ አሰበ። ውጤቱ እስኪመጣ ኮሪደሩን ወዲያና ወዲህ ሲል ቆየ። ሐኪሟ ስትመጣ ወረቀቱን ሳይሆን ፊቷን ነው ያነበበው። የኑሃሚን ደም ንጹሕ ነው። የእትዬ ሸዋወርቅ ከፍ ብሏል፤ በጊዜ የሚወርድ ነው፣ ግን እየተመላለሱ ይታያሉ። የልጆች ጉዳይ ሠራተኛዋ ደግሞ ቤታቸውን መጥታ እንደምታይ ነገረችው፤ መቼ እንደሆነ አልተናገረችም።

ቤት እንደገቡ አፀደ ሥራ ደውላ ሺፍቷን አስለወጠች። እትዬ ሸዋወርቅ አበባውን ከነማሰሮው በፌስታል ጠቅልለው በር ላይ አወጡት። ዋልተር ደወለ። «ልጅቷስ?» አለ። ደህና ናት ሲባል ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ፤ ስለ ሥራው «ነገ ና፤ ተቀምጠን እናወራለን» ብቻ አለ። ይሰናበት ይሁን ይቀጥል ከድምፁ አልለየም።

ኑሃሚን አልጋዋ ላይ እንደተኛች አሳላት። ተራ ሳል ነበር። ደርበው ሄዶ አያት፤ ተመለሰ፤ እንደገና ሄደ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲነሣ አማቱ ከበሩ ላይ ቆሙበት።

«እኔ አለሁ። ሂድ ተኛ።»

«እርስዎ ነዎት ማረፍ ያለብዎ።»

«መርዝ የጠጣሁ እኔ፣ የገረጣኸው አንተ። ሂድ አልኩህ።»

ጫማውን ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ጋደም አለ። የልጁን ትንፋሽ ከዲርፉት ጩኸት ለይቶ ለመስማት ሲጥር ቆይቶ፣ ሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንቅልፍ ወሰደው።