የፀሐይወርቅ በር

ሲስተር ፀሐይወርቅ ቅናቷን የደበቀች መስሏት ነበር። ቁንዝላ ግን ትንሽ የሐይቅ ዳር ከተማ ናት፤ ሁሉም አውቆባታል።

ጤና ጣቢያው ሄፓታይተስ ሲ ለሚባለው የጉበት ቫይረስ ምርመራ ሲጀምር ሥራው ለእሷ ተሰጠ። የሰው ምስጢር ይጠበቅ ብላ መጋረጃ ሰቅላ፣ በሯን ዘግታ ጠበቀች። የሚመጣ ጠፋ። ከተዘጋ በር ደሙን ሰጥቶ ለሚወጣ ሰው በሽታውን የሚመርጥለት የገበያው ወሬ ነው።

ከዚያ ትንቢት የምትባል ነርስ ከባሕር ዳር ተመድባ መጣች፤ ገና ከኮሌጅ የወጣች። አግዳሚ ወንበር ግቢው ውስጥ ካለው ዋርካ ሥር አስጎትታ መጀመሪያ የራሷን ጣት ወጋች። ብዙም ሳይቆይ ዓሣ አጥማጁ ሁሉ ተደርድሮ ይቀላለድ ጀመር።

«አንተን ቢወጉህ የሚወጣው የቆሮሶ ዓሣ መረቅ ነው!»

ውጤቱን ግን ሁሉም በየተራ የሚሰማው ፀሐይወርቅ ክፍል ገብቶ ነው። ሳቁ ለትንቢት፣ ፍርሃቱ ለእሷ። ሌላው ሠራተኛ «ሲስተር ትንቢት» ሲል እሷ «ያች ልጅ» ትላለች።

አንድ ቀን በመስኮት ስታይ መሪጌታ ወልደ ጻድቅ ጣታቸውን ለትንቢት ዘርግተዋል። የፀሐይወርቅ ጎረቤት ናቸው። እንዲመረመሩ ስትለምናቸው «ዓይኔ ቢጫ ሳይሆን የወፍ በሽታ ከየት መጣብኝ?» እያሉ ሲመልሷት የኖሩ።

ተራቸው ደርሶ ሲገቡ አላስችል አላት። «እኔ ስለምንዎ እንቢ ብለው?»

«እዚያማ ከሰው ጋር ተቀመጥሁ። አንቺ ዘንድ ብቻዬን ብገባ ምን ሊሉኝ?»

ውጤቱን አየች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ምልክት አለ፣ መሪጌታ። ባሕር ዳር ሆስፒታል ደምዎ ይጣራል። ቫይረሱ ቢገኝም የሚዋጥ መድኃኒት አለው፤ ይድናል። ብቻ መሄድ አለብዎ።»

መሪጌታ በመስኮቱ ወደ ዋርካው አዩ።

«አትቀየሚኝ ልጄ። ያችን ልጅ ጥሪልኝ። እሷ ሂድ ካለችኝ እሄዳለሁ።»

ፊቷ ጋለ። ካልጠራቻት እንደማይሄዱ አውቃለች። ለእሳቸው ብላ እንደጠራቻት ከታወቀ ደግሞ «መሪጌታ ታመሙ» የሚለው ወሬ ሳይመሽ ወደቡ ይደርሳል።

በሩን ገርበብ አድርጋ አንገቷን አወጣች።

«ሲስተር ትንቢት! ይኼ ኮምፒውተር እንቢ አለኝ፤ ነይ አሳይኝ!»

ወንበሩ በሳቅ ፈረሰ።

«አረጀሽ፣ ሲስተር!» አለ አንዱ።

«አርጅቻለሁ» አለች። ትንቢትን አስገብታ በሩን ዘጋች። ራሷ ግን አልወጣችም፤ ልጅቱ ምን ብላ እንደምታሳምናቸው ለመስማት ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።